የሌላ ሰው ፊት

"ውረድና ከዚህ ቆመህ እየው! ግራ ዓይኑ ከቀኙ ይበልጣል!" አለ ፋርማሲስቱ ከመንገዱ ላይ አንገቱን አቅንቶ።

"የሚበልጠው ዓይኑ ሳይሆን ምላስህ ነው!" ሠዓሊው ከእንጨት ርብራቡ ላይ ሆኖ ፊቱን ሳይመልስ መለሰለት። ቀጭኗን ብሩሽ በአብራሪው አገጭ ላይ ባለችው ትንሽ ጠባሳ ጫፍ አሳርፎ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ጠባሳዋን ወዷታል። ሰውን እሱነቱን የምትሰጠው እንዲህ ያለችው ነገር ናት ብሎ ያምናል፤ ዓይንና አፍንጫማ ሁሉም አለው።

"እኔ እኮ ላንተ አዝኜ ነው። ሰውየው ለጭብጨባ ብሎ ነው የሞተው። ሲጠጣ አደረ፣ ጠዋት ሰማይ ላይ ልገለባበጥ አለ፣ ተገለበጠ፣ አለቀ።"

"ማነው እንዲህ ያለው?"

"ሁሉም ነው የሚለው።"

"ሁሉም የሚባል ሰው እኔ አላውቅም። የት ነው የሚኖረው? ስንተኛ ፎቅ ነው? ጥራውና ፊቴ ቆሞ ይናገር!"

በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ሳቁ። ፋርማሲስቱ ስልኩን ወደ ላይ እያወዛወዘ "እዚህ ውስጥ ነው የሚኖረው!" አለ። ሠዓሊው ቀለም የጠጣውን ጨርቅ አንስቶ ወረወረለት። ጨርቁ ሳተውና አስፋልቱ ላይ ጧ አለ። ፋርማሲስቱ ድል እንዳደረገ ሰው እጆቹን ኪሱ ከቶ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለሰ።

የሰፈሩ ሰው ሠዓሊውን ፊት ለፊት "ጋሼ" ይለዋል፤ ከኋላው ግን "ክብሪት" ነው ስሙ። እንጀራው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፤ አንዳንዴም የጭነት መኪና ጎን ላይ ንስር ይሥላል። ከሥራው የተረፈውን ጊዜ ሁሉ በክርክር ያሳልፋል። የደም ግፊቱን መድኃኒት የሚሸጥለትም፣ ግፊቱን የሚጨምርበትም ያው ፋርማሲስት ነው። ዛሬ ግን ንዴቱ ከወትሮው ሌላ ነበር። ዛሬ የተሰደበው ሰው የልጁንና የልጅ ልጁን ነፍስ ያተረፈለት ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው እሑድ ነው። ከጉብታው ማዶ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ የአየር ትርኢት ነበር። ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ሆነው ሰማዩን ሲያርሱት ቆዩና አንደኛው ድንገት ጥቁር ጭስ ተፋ። ከጓደኛው ተለይቶ ዝቅ እያለ፣ እያጓራ ወደ ሰፈሩ መጣ። በቀጥታ የሚመጣው ወደዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ነበር። ሰገነቱ ላይ የሠዓሊው ልጅ ልብስ ታሰጣለች፤ ሕፃኗን በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ትራስ አድርጋ አስተኝታታለች። አውሮፕላኑ ሰገነቱ ላይ ደረሰ ሲባል አንድ ክንፉን ወደ ታች አዘነበለ፤ ወደ ጎን ታጠፈ፤ የተሰጣውን አንሶላ ሁሉ ገመዱ ላይ አስጨፍሮ አለፈና ከሕንጻው ጀርባ ባለው ባዶ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ከአብራሪው በቀር አንድ ሰው አልሞተም። አንድ ጣሪያ አልተነካም።

እሳቱ ሳይጠፋ ፍርዱ ተጀመረ። ግማሹ ጀግና አለው፣ ግማሹ እብሪተኛ። በሬዲዮ ደውሎ "ለዚህ ጨዋታ የሚቃጠለው ነዳጅ ለስንት ነገር ይበቃ ነበር" ብሎ ያለቃቀሰው ሰውዬ፣ ያንኑ ጨዋታ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ እያጨበጨበ ሲያይ እንደነበር ሳይናገር ስልኩን ዘጋ። የብስክሌት ሚዛን የማይጠብቅ ሁሉ በአንድ ሌሊት የበረራ አስተማሪ ሆነ፤ "እኔ ብሆን በጊዜ እዘል ነበር" ይላል አልጋው ላይ ተጋድሞ። ሲጠጣ አደረ የሚለውን ወሬ ማን እንደወለደው አይታወቅም፤ ያሳደገው ግን አገር ምድሩ ነው። ሟቹ ገና ሳይቀበር ጠባዩን፣ ትዳሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የመጨረሻ ሐሳቡን ሳይቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የሕንጻው ነዋሪዎች ግን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ አንድ የረባ ነገር አደረጉ። ተሰብስበው እናመስግነው አሉ። የሕንጻው መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ምስሉ ይሣልና እናቱ ተጠርተው ይዩት ተባለ። ሠዓሊው "ቀለሙም ከኔ፣ ጉልበቱም ከኔ" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። አንድም ሰው ተቃውሞት አልነበረም፤ ጠረጴዛውን የመታው እንዲያው ለልማዱ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው በሰው በሰው የእናቲቱን ስልክ አፈላልጎ ጋበዛቸው፤ እሺ አሉ። ፎቶውንም ያመጣው እሱ ነው። የአብራሪው መሥሪያ ቤት ምርመራው ሳያልቅ የሟቹን ፎቶ አላወጣም ነበር፤ ይሁን እንጂ ዓለሙ ሁሉ በሻማና በክንፍ አስጊጦ የሚለጥፈው አንድ ፎቶ ነበር። ባለ ጠባሳ አገጭ፣ ሳቂታ፣ መልከ መልካም ሰው። ሠዓሊው ስንት ቀን ከዚያ ፊት ጋር ውሎ አደረ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ይመጣሉ።

"አባዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ።" ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ከርብራቡ ሥር ቆማለች።

"እንዴት ነው?" አላት ወደ ግድግዳው እያመለከተ።

ቀና ብላ አየችና "ያምራል" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል ቆጣቢ ሆናለች። ሰው "እንዴት ነበር?" ሲላት "ደህና ነን፣ ተመስገን" ብላ ትገላገለዋለች። አባትየው እንኳ ያየችውን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀው ሮጦ ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ሳፋው ላይ በደረቷ ተደፍታ እንዳገኛት ብቻ ነው።

ሻዩን ሊጠጣ ሲወርድ ፋርማሲስቱ እንደገና መጣ። በዚህኛው ግን አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ነው የመጣው።

"ወዲህ በል" አለ።

"ደግሞ ምን አገኘህ? ሚስቱን ይመታ ነበር አሉህ?"

"ወዲህ በል አልኩህ። ጮክ ብዬ እንድናገረው አልፈልግም።"

ሠዓሊው ይህ ሰው ድምፁን ሲቀንስ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ደነገጠ። ልጁን "ሂጂ ግቢ" ብሎ ወደ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ተከተለው።

"እውነቱን ልንገርህ" አለ ፋርማሲስቱ፤ "ሲጠጣ አደረ ለሚለው ማስረጃ ላገኝልህ ነበር ኢንተርኔት ውስጥ የገባሁት። አፍህን ላዘጋህ ፈልጌ። ይሄን አገኘሁ።"

ስልኩ ላይ የአየር ትርኢቱ ፖስተር ነበር፤ ሳይቆረጥ፣ ሙሉው። ሁለት አብራሪዎች አውሮፕላን ተደግፈው ቆመዋል። ከፊት ያለው ያ ሳቂታ፣ ባለ ጠባሳው ነው። ከኋላው ሌላ ሰው አለ፤ ፊቱ ግማሽ በግማሽ በጓደኛው ትከሻ ተከልሏል።

"እና?"

"የሞተው የኋለኛው ነው።"

"ውሸት ነው።"

ፋርማሲስቱ በጣቱ የስልኩን መስታወት ገፋ አድርጎ ቪዲዮ ከፈተ። ባለ ጠባሳው ሰውዬ ነጭ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብሎ ይናገር ጀመር። ዓይኖቹ አብጠዋል። "እኔ አልሞትኩም" ይላል። "እባካችሁ ፎቶዬን አውርዱት። የሞተው ጓደኛዬ ነው። እሱን አልቅሱለት።" ሲናገር አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ከፍ ዝቅ ትላለች።

"ዘንድሮ ይሄን ነገር በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት!" አለ ሠዓሊው፤ ድምፁ ግን ከድቶታል። ያችን ጠባሳ ከማንም በላይ የሚያውቃት እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ትንፋሹን ይዞ ሲኳላት ነበር።

ቁጭ አለ። ቀጥሎ የመጣለት እንደ ልማዱ ቁጣ ነበር። "አየህ? ከሁለቱ ቆንጆውን መርጠው ገደሉት! ቆርጠው! ለፖስት ስለሚያምር! ያገር ሕዝብ እንባውን ያፈሰሰው በሕይወት ላለ ሰው ነው! አንተም ደስ ብሎሃል፤ ፊትህ ላይ ይታያል!"

"ደስ ቢለኝማ መንገድ ላይ ቆሜ አልጮህም ነበር? ስጮህ አታውቀኝም?"

ሠዓሊው ብድግ አለ።

ወደ ግድግዳው ሲመለሱ ሰብሳቢው በማይክሮፎን "አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት" እያለ ነበር። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ አበባው በባልዲ ውስጥ ነው። ወሬውን ሲሰማ ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ "ምን?" አለ፤ ቃሉ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ሰፈሩን አናወጠው። በየመስኮቱ ጭንቅላት ብቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ሥር የማይመክር አልነበረም።

"ጢም አድርግለት" አለች ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ። "ጢም ሰውን በጣም ይቀይራል። እኔ ነኝ የምነግርህ።"

"ጢም? የሰው ልጅ ሞቶ ጢም?"

"እሺ መነጽር። የአብራሪ ጥቁር መነጽር። ግማሽ ፊቱን ይሸፍናል።"

"ቀስ እንበል" አለ ሰብሳቢው ላቡን እየጠረገ። "ሴትየዋ ሐዘን ላይ ናቸው። ዓይናቸውም በለቅሶ ደክሟል። ላያስተውሉም ይችላሉ።"

ሠዓሊው እንደ ቅጽል ስሙ እንደ ክብሪት ተጫረ። "ላያስተውሉ? እናት? እናት ልጇን ላታስተውል? አንተ የራስህን ጃንጥላ ከመቶ ጃንጥላ መሀል ትለያለህ፣ ወልደው ያሳደጉት ሴት ይሄን አያስተውሉም?"

"እሺ ነጭ ቀባው! ቀባውና እንገላገል!"

"አንድ እጅ ነጭ ብቀባው ዓይኖቹ ከሥር ሆነው ያዩናል። ሁለተኛው እጅ ደግሞ የመጀመሪያው ሳይደርቅ አይያዝም። እሳቸው ደግሞ እየመጡ ነው።"

 ሊያመሰግኗቸው የጠሯቸው እናት መጥተው የልጃቸውን ቦታ ሌላ ሰው ይዞት ሊያዩ ነው። በስልኩም፣ በሬዲዮውም፣ በመንገዱም የተባለው ሳያንስ፣ በምስጋና ስም ይሄ ሊጨመርባቸው ነው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ተሳድቦ ያውቃል፣ ተደባድቦም ያውቃል፤ እንዲህ ያፈረበትን ቀን ግን አያስታውስም።

"ሥራው አልተጠናቀቀም እንበላቸዋለን" አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። "ይሸፈን። ሌላ ጊዜ ይመጣሉ።"

"ይሁን" አለ ሠዓሊው አንገቱን ደፍቶ። ልጁ ከቤት ትልቅ አንሶላ አመጣች፤ እሱና ፋርማሲስቱ ከርብራቡ ላይ ሆነው ጥግና ጥጉን ይዘው በምስማር መቱት። አብረው አንድ ሥራ ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ፋርማሲስቱ አውራ ጣቱን በመዶሻ ሲመታ እንኳ ሠዓሊው ምንም አላለም።

እናቲቱ የመጡት የእህታቸው ልጅ በሚነዳት አሮጌ መኪና ነው። አጭር ሴትዮ ናቸው፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። እጃቸው ሳሙናና ሙቅ ውሃ የኖረበት እጅ ነው፤ የሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ወደ ክብር ወንበራቸው አልሄዱም። ከዳር ጀምረው የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጨበጡ። ሠዓሊው ዘንድ ሲደርሱ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉት፤ ገና ምንም ሳያዩ። 

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን አፉ ውስጥ ሊከተው ደረሰ። "የተከበሩ እናታችን... በዚህ ታላቅ ዕለት... ሥዕሉ በቴክኒክ ችግር፣ ማለትም በአየሩ ጠባይ ምክንያት..."

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

"ልጄ" አሉት እናቲቱ፤ "አትጨነቅ። እኔ ሥዕል ልይ ብዬ አልመጣሁም።"

ማይክሮፎኑ ሲ...ጥ አለና ዝም አለ።

"እዚህ የመጣሁት ያየ ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ስለ ልጄ የሚያወራ ሰው አላጣሁም። ስልክ ስከፍት ያወራሉ፣ ሬዲዮ ስከፍት ያወራሉ። አንድም ሰው አይቼዋለሁ አላለኝም። ከናንተ ውስጥ ያየው ካለ፣ ያየውን ይንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አብዛኛው የሰማው ድምፁን ነው፤ ያየው ጭሱን ነው። ሠዓሊው አፉን ሊከፍት ሲል ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ከወንበሮቹ መሀል ወጣች።

"እኔ ነበርኩ" አለች። "ሰገነቱ ላይ።"

እናቲቱ ጠጋ አሏት።

"ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መጀመሪያ የማያልፍ መስሎኝ ነበር። በቃ፣ ወደኛ ነው የሚመጣው። ልሩጥ ብል እግሬ እንቢ አለኝ። ልጄን ላንሳት ብል እጄ እንቢ አለኝ።" ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። "ሆዱን አየሁት፤ የአውሮፕላኑን። ከዚያ አንድ ክንፉ ወረደ። ዝም ብሎ የወደቀ አይደለም። አንድ ሰው ጠምዝዞ እንዳዞረው ነው የዞረው። ጭንቅላቱን አየሁት። ቆቡን፣ ጥቁር መስታወቱን። ፊቱን አላየሁም፤ አየኝ ብዬም አልምልም። ግን ዞረ፣ እማማ። እኛ ጋ ሲደርስ ዞረ።"

ሠዓሊው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። የርብራቡን እንጨት ያዘ።

"ይቺ ናት?" አሉ እናቲቱ ሕፃኗን እያዩ።

"ይቺ ናት።"

እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃኗን ተቀብለው ክብደቷን እንደሚገምት ሰው ከፍ ዝቅ አደረጓት። ሕፃኗ መነጽራቸውን ለመያዝ ታገለች፤ አልከለከሏትም።

"እሱን ላመሰግነው አልችልም" አለች ልጅቱ፤ አሁን እያለቀሰች ነው። "እርስዎን ላመስግን።"

"እኔም አንቺን" አሉ። "ልጄ በመጨረሻ ሰዓቱ ምን ሲያደርግ እንደነበር አላውቅም ነበር። ፈርቶ ይሆን፣ ጠርቶኝ ይሆን እያልኩ ነው የማድረው። ለካ ሥራ ላይ ነበር።" ሕፃኗን አዩና "ለካ ሥራ ላይ ነበር" ብለው ደገሙት።

ከዚህ በኋላ ሠዓሊው አልቻለም። ሰብሳቢው በዓይኑ "ተው" ቢለውም ርብራቡ ላይ ወጥቶ የአንሶላውን ጥግ ያዘና በአንድ ጊዜ ተረተረው። አንሶላው መሬት ወረደ። ያ ሳቂታ ፊት ሕዝቡን ቁልቁል ያይ ጀመር።

"እናቴ" አለ፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ጩኸት ሆኖ ወጣ። "ተሳስቻለሁ። የሌላ ሰው ፊት ነው የሣልኩት። ስልክ ላይ ያየሁትን አምኜ ነው። አየሩም ደህና ነው፣ ቴክኒክም የለም፤ ስህተቱ የኔ ነው። ከፈለጉ ይስደቡኝ።"

እናቲቱ መነጽራቸውን ከሕፃኗ እጅ ቀስ ብለው አስለቅቀው አደረጉትና ቀና አሉ። ብዙ አዩት። 

"ውይ!" አሉ። "ይሄማ ጓደኛው ነው!"

ከዚያ ሳቁ። ከሆዳቸው ነበር የሳቁት፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየወረደ። ሰው ሁሉ ይሳቅ ያልቅስ ጨነቀው።

"ይሄ ልጅ እኔ ቤት በልቶ ነው ያደገው ማለት ይቻላል" አሉ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "ትናንት ደውሎ 'እማማ፣ በሕይወት መኖሬን ለሰው እንዴት ልንገር?' ብሎ አለቀሰብኝ። ተናገር፣ ምን ታፍራለህ አልኩት። የኔ ልጅ ይሄን ቢያይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? 'አየሽ እማዬ፣ ሞቼም ፎቶ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው' ነበር የሚለው።"

ያኔ ሕዝቡ ሳቀ። የፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ከሁሉም በላይ ተሰማ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ፋርማሲስቱ ከኋላ ወደ ፊት ወጣ። "እኔ ደግሞ" አለና ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ጠጥቶ ነበር ብያለሁ። መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ሁሉ ብያለሁ።"

"ሰምቼዋለሁ" አሉ እናቲቱ። "ካንተ ነው እንግዲህ የመጣው?"

"የለም፣ እኔም ሰምቼ ነው።"

"እንግዲያው ለነገሩህም፣ ለነገርካቸውም የዛሬውን ንገራቸው።"

"እሺ" አለ። ሠዓሊው ከላይ ሆኖ ይህንን ሁሉ ሰማ፤ ሊጨምርበት የሚችለው ስንት ስድብ ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠው።

"አጠፋዋለሁ፣ እናቴ" አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። "ነገ ጠዋት..."

"እንዳታጠፋው! ምን አደረገህ? እሱም እናት አለችው፤ ደስ ይላታል። ቦታ ካለህ ግን የኔን ከጎኑ አድርግልኝ። ሁልጊዜም ከጎኑ ነበር የሚበረው።"

የእህታቸው ልጅ ወዲያው ስልኩን አወጣ። "ጋሼ፣ ጥሩ ጥሩ ፎቶ አለኝ። ቁጥርህን ንገረኝና ልላክልህ።"

"ስልክህን ኪስህ ክተትልኝ!" ሠዓሊው ከርብራቡ ወረደ። "ለዛሬ ስልክ በቃኝ! እናቱ እዚህ ቆመው እኔ ደግሞ ስልክ ላፍጥ?" ወደ እናቲቱ ዞሮ ድምፁን አለዘበ። "ልጅዎ እርስዎን ይመስላል?"

"ቁርጥ እኔን ነው ይላሉ። እኔ እኮ አርጅቻለሁ፣ ልጄ።"

"እርጅናውን ለኔ ይተዉት። እርስዎን አይቼ ስሥለው ግድግዳው ላይ አላወጣውም።"

"ጆሮው ብቻ የአባቱ ነው" አሉ እያሰቡ። "ሰፋ ያለ፣ ወደ ውጭ የወጣ። በልጅነቱ 'በጆሮህ ነው የምትበረው' እያሉ ይስቁበት ነበር።"

"የአባቱን ጆሮ ደግሞ ከየት ላምጣ?"

 ፋርማሲስቱ ትንሽ ሲያመነታ ቆየና ባርኔጣውን አወለቀ። ሰፈሩ ያለ ባርኔጣ አይቶት አያውቅም፤ ለምን እንደማያወልቀውም ያን ጊዜ ገባው።

"ይሄ ይሆን ይሆን?" አለ ፊቱ ቀልቶ።

እናቲቱ ቀርበው አዩት። በጣታቸው የጆሮውን ጫፍ ነካ፣ ቀና አደረጉ። "ትንሽ ያንሳል" አሉ፤ "ግን ይሆናል። በጣም ይሆናል።"

"ተቀመጥ" አለው ሠዓሊው ወንበር እየገፋለት። "በጎን። አንድ ቃል እንዳትናገር፤ የምፈልገው ጆሮህን ብቻ ነው።"

"ደም ግፊትህ..."

"ጆሮህን ብቻ!"

የእህታቸው ልጅ ሰዓቱን አየ። "አክስቴ፣ በኋላ መንገዱ ይዘጋብናል። ቤትም ሰው ይመጣል። ፎቶውን በኋላ እልክለታለሁ፤ ብንሄድ አይሻልም?"

እናቲቱ ግድግዳውን አዩ፤ ከሳቂታው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ። ሠዓሊው የመንደፊያ ከሰሉን በጣቶቹ መሀል ይዞ ይጠብቃል። ልጅቱ ሕፃኗን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ እናቲቱ ግን አልሰጧትም። እንዳቀፏት ከፋርማሲስቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ለእህታቸው ልጅ ሰጡት።

"አንተ ሂድ" አሉት። "ለመጣው ሰው ልጇ ጋ ናት በልልኝ።"

ፊታቸውንም ወደ ብርሃኑ አዞሩ።